ወዴት ነው የሚሄዱት?

እንጅባራ ላይ ዝናብ ሲጥል ሰው ይጯጯሃል። ተጣልቶ አይደለም፤ ቆርቆሮው ነው የሚያጯጩኸው። ፊት ለፊት ተቀምጦ ቡና ለሚጠጣ ሰው እንኳ «ስኳር ልጨምር?» ለማለት ጉሮሮ መጥረግ ያስፈልጋል። የዝናቡን ነገር ያነሳሁት ስለ አየር ጠባይ ለማውራት ብዬ አይደለም። ድምፅ የምታሰማ አንዲት በትር አይቼ ስለ እሷ ላጫውታችሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ የሚታይበት አንድ ዐውደ ርእይ ነበር። የትና በማን እንደተዘጋጀ ይቅር፤ ልጆቹም አዘጋጆቹም በጎ አስበው ነው። አብረውኝ የሄዱት አንድ የአማርኛ መምህር ናቸው። የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት በልጅነታቸው ነው። ከተማዋን ግን ሰዉ ሁሉ «ኮሶበር» ይላት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በእግራቸው ያውቋታል። የሚይዟት በትር ከዚያው ከአዊ ቀርከሃ የተቆረጠች ናት። አንድ ጊዜ የሚታጠፈው ነጭ በትር ተሰጥቷቸው ነበር። «መገጣጠሚያው ላላብኝ፤ ቀርከሃ አይላላም» ብለው ተዉት።

አንድ ቀጠን ያለ ልጅ «መምህር፣ እባክዎ ይሞክሩልኝ» ብሎ የሠራትን በትር አስጨበጣቸው። ጫፏ አካባቢ ሁለት ዓይን የመሰሉ ነገሮች አሏት። አንደኛው የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካል፤ ሌላው ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ ይቀበላል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ሄዶ የተመለሰበትን ጊዜ ቆጥራ ዕንቅፋቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ታሰላለች። ቀረብ ሲል «ጢጥ ጢጥ» ትላለች። የሌሊት ወፍ በጨለማ የምትበረውም በዚሁ ብልሃት ነው። ልጁ ይህን ሲያስረዳ ፊቱ ሁሉ ያበራል።

መምህሩ ሁለት እርምጃ ሄዱ። ጢጥ። ሰው ነው። ዞር አሉ። ጢጥ ጢጥ። ሌላ ሰው ነው። አዳራሹ ጢም ብሏልና በትሯ ዝም የምትልበት አቅጣጫ ጠፋ። በዚህ መሀል ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ከዚያ በኋላ ብትጮህ ባትጮህ ማን ይሰማታል?

«ልጄ» አሉት መምህሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ፊቴ ሰው መቆሙን የእኔም በትር ትነግረኛለች። ያንተዋ የት እንደቆምኩ ትነግረኛለች ወይ?»

«እሱን እንኳ አትናገርም መምህር። ዕንቅፋት ብቻ ነው።»

«የዚህ ቤት መውጫ በየት በኩል ነው?»

ልጁ በጣቱ አመለከተ። እንዳመለከተ ገባውና እጁን ሰብስቦ አቀረቀረ።

በልጁ ለመሳቅ አይደለም ይህን የምጽፈው። እንዲህ ያለችውን በትር በሌላ ከተማ፣ በሌላ ዐውደ ርእይ፣ በሌላ ልጅ እጅ አይቻታለሁ። እናንተም ሳታዩዋት አትቀሩም። ጭብጨባ አለ፣ ፎቶ አለ፣ የምስክር ወረቀት አለ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ያችኑ በትር እንደ አዲስ ይሠራታል። መንገድ ላይ ይዟት የሚሄድ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ለምን? እንደሚመስለኝ ሠሪው በትሯን የሚሠራው ዓይኑን ጨፍኖ «ባላይ ምን ያስፈራኝ ነበር?» ብሎ ራሱን ጠይቆ ነው። ዓይኑን የጨፈነ ሰው የሚፈራው መጋጨትን ነው። አርባ ዓመት ሳያይ የኖረ ሰው ግን ለመጋጨቱ በትር አለው፣ ጆሮ አለው፣ እግር አለው። እሱ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ «አሁን የት ነኝ? የምፈልገው በር የቱ ነው?»

ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ሜዳና ቤት አንድ አይደሉም። ደጅ ላይ ስልካችን ያለንበትን የሚያውቀው 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች በሚመጣ ምልክት ነው። ምልክቱ ቀጭን ነውና ጣሪያና ግድግዳ ሲያጋጥመው ይጠፋል ወይም ይወላገዳል። ሰማዩ በተገለጠበት ቦታ እንኳ የጥቂት ሜትር ስሕተት አለው። ኮሪደር ላይ ጥቂት ሜትር ማለት እኮ በሴቶችና በወንዶች ሽንት ቤት መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው። ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳላችሁማ ጭራሽ አይነግራችሁም።

መምህሩ ከዐውደ ርእዩ ስንወጣ «ና፣ ነገ ጉዳይ አለኝ። አትምራኝ፤ ከኋላ ከኋላዬ ሁንና እይ» አሉኝ። የጡረታ ፋይላቸውን ሊያስተካክሉ ነው። ሄድን። የቢሮውን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም አይጠቅማችሁም፣ በየሄዳችሁበት ያለ ሕንፃ ነውና።

በሩ ላይ ጥበቃው ተቀበላቸው።

«የኔታ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ሰው ሀብት።»

«ለምን ጉዳይ ነው?»

«ለጡረታ።»

ሰውየው ክፉ አይደለም። ሊረዳ ፈልጎ የበትሯን ጫፍ ይዞ ይጎትታቸው ጀመር። «በትሬን ልቀቅና ክንድህን ስጠኝ» አሉት። ግራ ተጋባ። በትር የያዘን ሰው በበትሩ መጎተት ዓይን ያለውን ሰው በዓይኑ ቆብ ይዞ እንደ መጎተት መሆኑን ማንም ነግሮት አያውቅም።

«ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ» ተባሉ። ደረጃው ላይ አንዱ እርከን ከሌላው በሁለት ጣት ይበልጣል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያረጀ የፎቶ ኮፒ ማሽን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እጃቸውን ግድግዳው ላይ እያስኬዱ ይመጡ ነበርና ማሽኑ ጋ ሲደርሱ መስመራቸው ተቆረጠ። ማሽኑን ዞረው ግድግዳውን ሲፈልጉ ያገኙት የማዶውን ነው። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ግራው ቀኝ ሆነ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ቁጥሩ በወረቀት ታትሞ በፕላስተር ተለጥፏል። የምንፈልገው በር ላይ «ቢሮው ወደ ሁለተኛ ፎቅ ተዛውሯል» የሚል በእስክሪብቶ የተጻፈ ብጣሽ አለ። እኔ አነበብኩት። እሳቸው አንኳኩ። ማንም አልከፈተም፤ ደግመው አንኳኩ። «አትምራኝ» ብለውኛልና አፌን ይዤ ቆምኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ረዥም ደቂቃ ቆሜ አላውቅም።

ስንወጣ በግማሽ ቀልድ «መምህር፣ እንዲያው መንገድ መጥፋቱ አያበሳጭዎትም?» አልኳቸው።

«መጥፋቱን ለምጄዋለሁ» አሉኝ። «ያልለመድኩት መናገሩን ነው።»

«ምን መናገር?»

«የምሄድበትን። አንተ ስትገባ የምትሄድበትን የሚያውቀው ማነው? እኔ ግን ለጥበቃው እናገራለሁ፣ ደረጃ ላይ ላገኘሁት እናገራለሁ፣ ኮሪደር ላይ ለተቀመጠው ባለጉዳይ እናገራለሁ። አንድ ጊዜ ታምሜ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሰው ፊት የማይነገር ሕመም ነው። የትኛው ክፍል እንደምገባ ሦስት ሰው ጠየቀኝ፤ ለሦስቱም ተናገርኩ። ማታ ጎረቤቴ በር ላይ ቆሞ ‹መምህር፣ ተሻለዎት ወይ?› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለዚያ ሕመም አልተመለስኩም።»

አንባቢዬ፣ እኔ ይህን እስክሰማ ድረስ ነገሩን ሁሉ የመመቸትና ያለመመቸት ጉዳይ አድርጌ ነበር የማስበው። ለካስ የምስጢር ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ሐኪም ፊት ለመቅረብ በቅድሚያ ገበናውን በየደረጃው ማራገፍ ካለበት፣ ቤቱ ቢቀመጥ ይመርጣል። ቤቱ የተቀመጠ ሕመምተኛ ደግሞ ምን እንደሚሆን እናውቃለን።

ወደ ቁጥሩ ልምጣ። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ ጥናት ከኢትዮጵያውያን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዕይታቸው የደከመ ሆነው ተገኝተዋል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የሞራ ግርዶሽ ነው፤ ትራኮማ ደግሞ 11.5 በመቶውን ይይዛል። ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ነገር ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሊድን የሚችለው ሰው መጀመሪያ ማለፍ ያለበት የዓይን ክፍሉ ያለበትን ኮሪደር ነው። ሞራ ደግሞ በአብዛኛው የሚይዘው አረጋውያንን ነው፤ ብሬል ያልተማሩ፣ እጃቸው ላይ ያለው ስልክ ባለ ቁልፍ የሆነ፣ እዚህ አዊ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከአማርኛ ይልቅ አውንጊ የሚቀናቸው ሰዎችን። «ስማርት» የሚል ስም የተለጠፈበት ዕቃ ሁሉ እነዚህን ሰዎች ዘሏቸው ነው የሚያልፈው።

በውጪው ዓለም ምን ተሠራ? ብዙ ነገር። ከሁሉም ልቤን የሚነካው የጃፓናዊቷ የቺዬኮ አሳካዋ ነው። በ11 ዓመቷ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ተጎድታ በ14 ዓመቷ ጨርሶ ማየት ተሳናት። አድጋ የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2015 ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቿ ጋር በሕንፃ ውስጥ በድምፅ የሚመራ የስልክ ፕሮግራም ይፋ አደረገች። በየጥቂት ሜትሩ ግድግዳ ላይ በባትሪ የሚሠሩ ትናንሽ የብሉቱዝ መሣሪያዎች ይለጠፋሉ፤ ስልኩ የእነሱን ምልክት ጥንካሬ እያነጻጸረ ሰውየው የት እንደቆመ በሜትርና በሁለት ሜትር ልዩነት ያውቃል። ለንደን ውስጥ ደግሞ በዚያው ዓመት ፒምሊኮ በሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ተመሳሳይ ነገር ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እንዲህ ያለው የድምፅ ምሪት እንዴት መነገር እንዳለበት መመሪያ እስከማውጣት ደረሰ።

ልዩነቱን አያችሁት? አሳካዋ ራሷ ንድፍ አውጪዋ ናት። «ለእነሱ እንሥራላቸው» ያላት የለም። እኛ ዘንድ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች በአብዛኛው የሚሄዱት ወደ ሕግ፣ ወደ ቋንቋና ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ነው። ከአማራ ሳይንት ተነስታ ሕግ የተማረችው የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታ አኩርታናለች። ግን ስንት ማየት የተሳነው ኢንጂነር ታውቃላችሁ? የሒሳቡና የፊዚክሱ በር ገና ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ከተዘጋ፣ በትር በሚሠራበት ጠረጴዛ ዙሪያ በትር የሚይዝ ሰው ከየት ይመጣል? ያ ቀጠን ያለ ልጅ መምህሩን ያገኛቸው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ በዐውደ ርእዩ ቀን ነው። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይመስለኝም።

የአሳካዋንም ቢሆን እንዳለ አንሥተን እንጅባራ እንትከለው ብል ዋሽቻለሁ። ባትሪ ያልቃል፤ የሚቀይር ሰው ያስፈልጋል። የሕንፃው ካርታ ስልኩ ውስጥ መግባት አለበት፤ ቢሮው በተዛወረ ቁጥር መታረም አለበት። የፎቶ ኮፒ ማሽን ማንሣት ያቃተው መሥሪያ ቤት የኤሌክትሮኒክ ካርታ ያድሳል ብሎ ማመን ለእኔ ይከብደኛል። ባለቤቱም ሊሰለቸው ይችላል። ማይክሮሶፍት የሚያህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለዓይነ ስውራን ያወጣውን «ሳውንድስኬፕ» የተባለ የመንገድ መሪ ፕሮግራም በ2023 ከገበያ አንሥቶታል። እሱን የለመዱ ሰዎች በማግሥቱ በምን ወጡ ይሆን?

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ ኦካያማ ከተማ ውስጥ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ያለ መንገድ ላይ ጉብጉብ ያለ የሲሚንቶ ንጣፍ አስነጠፈ። እግር ያነበዋል። ባትሪ የለው፣ ኔትወርክ የለው፣ ዝናብ አያፍነው። ዛሬ ዓለምን አዳርሷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማት በታደሱ የእግረኛ መንገዶች ላይ ቢጫውን መስመር አይታችሁት ይሆናል። መስመሩ ከመንገዱ ተነስቶ በሕንፃው በር ገብቶ እስከ መረጃ ጠረጴዛው ቢዘልቅ ስንት ብር ይጨምራል?

ሕጉስ ምን ይላል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አካል ጉዳተኞችን አልረሳም። ግን በስም ጠቅሶ ያነሣቸው በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱትንና ደረጃ መውጣት የሚያቅታቸውን ነው፤ ስለ መግቢያና ስለ መጸዳጃ ቤት ያወራ ነበር። ደረጃውን መውጣት የሚችል፣ ግን በሩን የማያገኝ ሰው እዚያ አንቀጽ ላይ ራሱን ፈልጎ አያገኝም ነበር። በሌላ በኩል አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ዘጠነኛው አንቀጽ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ሕንፃዎች የብሬል ምልክት እንዲኖራቸው፣ መሪ ሰውም እንዲመደብ በግልጽ ያዛል። እስኪ ነገ ለጉዳይ በምትገቡበት ሕንፃ የበሩን መቃን በእጃችሁ ዳሰስ አድርጉት። ፕላስተርና ቀለም ነው የምታገኙት።

መምህሩ ለትምህርት ቤት ከመብቃታቸው በፊት ቅኔ ቤት ነበሩ። ጎጃም ውስጥ ዓይነ ስውር ደቀ መዝሙር ብርቅ አይደለም፤ ትምህርቱ በቃል ስለሆነ ጆሮ ያለው ሁሉ ይማራል። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጠፍቼ አላውቅም» ይሉኛል። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። «ክብ ቤት ሰው አያጠፋም። ቅኔ ማኅሌቱን ግድግዳውን ይዘህ ብትዞር የጀመርክበት ትደርሳለህ። ወደ ውስጥ ቅድስት አለ፣ ከዚያ መቅደስ። የትም ብትሄድ ይኸው ነው፤ ማንም መጥቶ ‹ቅድስቱ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ተዛውሯል› አይልህም። ደግሞ ጫማ ታወልቃለህ፤ ድንጋዩን፣ ምንጣፉን፣ ቄጠማውን እግርህ ያውቀዋል።» መሥሪያ ቤቶችን ክብ አድርገን እንሥራ፣ ባለጉዳይም ጫማውን ያውልቅ ማለቴ አይደለም። (ጫማው ሲወጣ የሚጠፋበት ቢሮም አይታጣም።) ግን እዚያ ውስጥ ንድፍ አለ። ቦታው አይለዋወጥም፣ ግድግዳው አይቋረጥም፣ ወለሉ ይናገራል።

ልጁን ረስቼው ነበር፤ እሱ ግን መምህሩን አልረሳቸውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤታቸው መጣ። በትሯን አልያዘም። «መምህር፣ ምን ልሥራ?» አላቸው። «መጀመሪያ አብረኸኝ ሂድ» አሉት። ወደዚያው ሕንፃ ሄድን። ልጁ በስልኩ ሊጽፍ ተዘጋጀ።

«ከዋናው በር እስከ ደረጃው 22 እርምጃ» ብሎ ጀመረ።

«የማን እርምጃ?» አሉት። «ያንተ ነው፣ የእኔ ነው፣ ወይስ የእናትህ? እርምጃ አትቁጠርልኝ። እጄ ምን እንደሚነካ ንገረኝ።»

አጠፋና እንደገና ጻፈ። በሩን አልፈህ ግራ እጅህን ግድግዳው ላይ አድርግ። ሁለት በር ታልፋለህ፤ ሁለተኛው ብረት ነው፣ ይቀዘቅዛል። ከእሱ ቀጥሎ ግድግዳው ያልቃል፤ የደረጃው መደገፊያ እዚያ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከሽንት ቤቱ የውሃ ድምፅ በቀኝህ ይሰማሃል። መምህሩ ይናገራሉ፣ ልጁ ይጽፋል፣ ስሕተት ሲሆን ተመልሰው ይሄዱታል። ሐሳቡ ይህን በአማርኛና በአውንጊ በድምፅ ቀድቶ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ደጋግሞ እንዲሰማው ማድረግ ነው። ባለ ቁልፍ ስልክም ይበቃዋል። በሩ ላይ ለማንም ሳይናገር ሰምቶት የመጣውን መንገድ ይዞ ይገባል። ማሽኑ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ልጁ «እዚህ ጋ ማሽን አለ ብዬ ልጻፍ?» አለ። «አትጻፍ። ሄደህ አስነሣው» አሉት። ሄደ። ግማሽ ቀን ፈጀበት። አራት ሰው አስፈርሞ አስነሣው።

ሦስተኛ ፎቅ ስንወጣ ዝናቡ ጀመረ። የውሃው ድምፅም፣ የእግር ኮቴውም ጠፋ። ግድግዳው ግን ነበረ። መምህሩ እጃቸውን እያስኬዱ ያቺ ወረቀት ያለባትን በር አልፈው ቀጣዩ በር ላይ ቆሙና አንኳኩ። አንዲት ጸሐፊ ከፈተች።

«ሰው ሀብት ሁለተኛ ፎቅ ወርዶ ነበር አይደል?» አላት ልጁ።

«ትናንት ተመልሷል» አለችው።

ልጁ ስልኩን አውጥቶ የሁለተኛውን ፎቅ መንገድ ሊያጠፋ ሲል መምህሩ ክንዱን ያዙት።

«አታጥፋው» አሉ እየጮኹ። «ቀኑን ጻፍበትና አስቀምጠው። ይወርዳሉ።»